ስለ ካሎሪሜትር፤ ከጣሳ ውኃ እስከ ጄኔቫው የቅንጣት ማጋጫ



በዚህ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከተማርነው ሁሉ አንዱን ነገር መርጠን እንድንጽፍ በተነገረን መሠረት፣ እኔ የመረጥሁት ካሎሪሜትር ስለሚባለው መሣሪያ ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ይኸው መሣሪያ በእኛ ክፍል ከጣሳ የሚሠራ ሲሆን በሌላው ዓለም ደግሞ ከአቶም ያነሱትን ቅንጣቶች ለመመርመር የሚያገለግል በመሆኑ፣ ትንሹና ትልቁ አንድ ትምህርት እንደሆኑ ለማሳየት ስለ ፈለግሁ ነው። ሁለተኛው፣ ሙከራውን ስንሠራ እኔ የፈጸምሁት አንድ ጥፋት ስላለ፣ እርሱን በሁሉ ፊት ማረም ስለሚገባኝ ነው።

ሀ. ካሎሪሜትር ምንድን ነው?

ካሎሪሜትር ማለት የሙቀት መለኪያ ማለት ነው። ነገር ግን ከቴርሞሜትር ጋር መምታታት የለበትም። ቴርሞሜትር የሚነግረን አንድ ነገር ምን ያህል እንደጋለ ነው፤ ካሎሪሜትር የሚነግረን ግን በውስጡ ያለው ሙቀት ስንት እንደሆነ ነው። ለምሳሌ ያህል ከምድጃ የዘለለች የእሳት ፍንጣሪ ከፈላ ውኃ ይልቅ እጅግ የጋለች ናት፤ ሆኖም እጅ ላይ ብታርፍ ቆንጥጣ ወዲያው ትጠፋለች። አንድ እንስራ የፈላ ውኃ ቢደፋብን ግን ያለ ሐኪም አንድንም። ፍንጣሪዋ ግለቷ ብዙ፣ ሙቀቷ ጥቂት ነውና።

ሙቀት የሚለካው በካሎሪ ነው። አንድ ካሎሪ ማለት 1 ግራም ውኃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው። እንግዲህ የአንድን ነገር ሙቀት ለማወቅ የምናደርገው ይህ ነው፤ ነገሩን መጠኑ በታወቀ ውኃ ውስጥ እንከተዋለን፤ ውኃው በስንት ዲግሪ እንደሞቀ እናነባለን፤ ከዚያም እናባዛለን። መሠረቱም ጉልበት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ አይጠፋም የሚለው የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ለ. በጣሳ የሠራነው ሙከራ

የታዘዝነው ብረት ምን ያህል ሙቀት እንደሚይዝ፣ ይኸውም 1 ግራም ብረት በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ ስንት ካሎሪ እንደሚፈልግ እንድንለካ ነበር። ብረቱን የማመጣው እኔ ስለነበርሁ፣ ቅዳሜ ስንቅ ልቀበል ቡሬ አጠገብ ወዳለው አገራችን በሄድሁ ጊዜ አባቴን ያረጀ የማረሻ ቁራጭ ለመንሁት። እርሱም እየሣቀ፣ «ልጄ፣ በዚህ ዶልዱም ምን ልታርስበት ነው?» አለኝ። ሙቀት ልለካበት ነው ብለው፣ «እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ መለኪያህን መርምር፤ ገበያ ስትወጣም ባዶውን ሚዛን ሳታይ እህልህን አትስጥ» ሲል መከረኝ። በዚያን ጊዜ ምክሩን እንደ ጨዋታ ነበር የሰማሁት።

የማረሻው ቁራጭ 200 ግራም መዘነ። 50 ግራም በሚመዝን የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ 200 ግራም ውኃ ጨመርን፤ የውኃውም መጠነ ሙቀት 20 ዲግሪ ነበር። ብረቱን በሲባጎ አስረን በከሰል ምድጃ ላይ በሚፈላ ውኃ ውስጥ አቆየነው። አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ቴርሞሜትሩን በፈላው ውኃ ውስጥ ይዛ፣ «94 ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ፈቀቅ አይልም» አለች። እኔ ግን፣ «ውኃ በ100 እንደሚፈላ መጽሐፉ ይናገር የለም እንዴ? ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነው» ብዬ በደብተራችን ላይ 100 ብዬ ጻፍሁ። እርሷ ደጋግማ ብትቃወመኝም አልሰማኋትም።

ብረቱን ወደ ጣሳው ስንከተው ውኃው ከ20 ወደ 26.5 ዲግሪ ወጣ። ስናሰላ የብረቱ ቍጥር 0.088 ካሎሪ ሆነ። በመጽሐፉ ያለው ግን 0.107 ነው። ከአምስት አንድ እጅ የሚያህል ሙቀት ጠፋብን ማለት ነው።

መምህራችን ደብተሩን አይተው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «100ን በዐይኑ ያየ ማን ነው?» አሉኝ። ዝም አልሁ። ጓደኛዬም አላሳጣችኝም፤ እርሷም ዝም አለች። በኋላ ግን እውነቱን ተናገርሁ። መምህራችንም እንዲህ ሲሉ አስረዱን፤ ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል አጠገብ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ በላያችን ያለው አየር ይሳሳል፤ ውኃውን የሚጫነው ግፊትም ይቀንሳል፤ ከዚህም የተነሣ ውኃው ቀድሞ፣ በ94 ዲግሪ ግድም ይፈላል። እንግዲህ ቴርሞሜትሩ ጤነኛ ነበር። የተበላሸው ጸሐፊው ነው።

ከዚያ በኋላ የጠፋውን ሙቀት አንድ በአንድ ፈለግን። በ100 ፈንታ 94ን ስናገባ ቍጥሩ 0.096 ሆነ። ጣሳው ራሱ አብሮ እንደሞቀ አስታውሰን የእርሱን ድርሻ ስንጨምር 0.099 ደረሰ። የቀረው ሙቀት ወደ አየር የሸሸው ነው። ስለዚህ ሙከራውን እንደገና ስንሠራ ጣሳውን በሌላ ትልቅ ጣሳ ውስጥ አስቀምጠን በመካከላቸው የጤፍ ጭድ ጠቀጠቅን፤ አፉንም ከደንነው። በዚህ ጊዜ ውኃው 27 ዲግሪ ደረሰ፤ ስሌቱም 0.107 ሰጠ።

እኛ እልል ልንል ስንል መምህራችን፣ «ቆዩ፤ ይህ ቴርሞሜትር ከግማሽ ዲግሪ በታች አይለይም። ግማሽ ዲግሪ ብትሳሳቱ ቍጥራችሁ በ0.008 ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ይህንንም አብራችሁ ጻፉ» አሉን። አንድ ልኬት ሙሉ የሚሆነው ስሕተቱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል አብሮ ሲነገር መሆኑን የተማርሁት በዚያን ቀን ነው።

ሐ. የጠፋ ጉልበት ያስገኘው ግኝት

በካሎሪሜትር ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት ላቯዚዬና ላፕላስ የሚባሉ ፈረንሳውያን ናቸው። እነርሱ እ.ኤ.አ. ከ1782 እስከ 1783 ባለው ክረምት አንዲት ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አኑረው፣ የቀለጠውን በረዶ በመመዘን ከሰውነቷ የወጣውን ሙቀት ለኩ።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1927 ኤሊስና ዉስተር የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በካሎሪሜትር ከአንድ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚወጣውን ሙቀት ለኩ። ከንጥረ ነገሩ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች እኩል ጉልበት የላቸውም፤ አንዳንዱ ብዙ፣ አንዳንዱ ጥቂት ይዞ ይወጣል። ሁሉም በመጀመሪያ ከፍተኛውን ጉልበት ይዘው ወጥተው በመንገድ ካነሰባቸው፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ በካሎሪሜትሩ ውስጥ መገኘት ነበረበት። ነገር ግን የተገኘው ሙቀት ከታሰበው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ሆነ። የቀረው ወዴት ሄደ? እ.ኤ.አ. በ1930 ፓውሊ የሚባለው ሊቅ፣ ማንም ያላየው ኤሌክትሪክ የሌለው ቅንጣት ጉልበቱን ይዞ ያመልጣል ሲል ገመተ። ይህም ቅንጣት ዛሬ ኒውትሪኖ የሚባለው ነው፤ መኖሩም እ.ኤ.አ. በ1956 በሙከራ ተረጋገጠ። እነዚያ ሰዎች የጐደለውን ሙቀት እንደ እኔ በመጽሐፍ ቍጥር ሞልተውት ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ግኝት በዘገየ ነበር።

መ. የጄኔቫው ማጋጫ

በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር፣ በጄኔቫ ከተማ አጠገብ፣ ሰርን የሚባል የምርምር ድርጅት አለ። በዚያም ከመሬት በታች 100 ሜትር ያህል ጠልቆ፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ዋሻ ይገኛል። በእርሱ ውስጥ ፕሮቶኖች ከብርሃን ፍጥነት በጥቂት ብቻ በሚያንስ ፍጥነት በሁለት አቅጣጫ እየሮጡ ይጋጫሉ። ከግጭቱ አዳዲስ ቅንጣቶች ይፈናጠራሉ። የእያንዳንዱንም ጉልበት ለመለካት በግጭቱ ስፍራ ዙሪያ ታላላቅ ካሎሪሜትሮች ተተክለዋል። ከእነዚህ ዝነኞቹ አትላስና ሲኤምኤስ በሚባሉት ሁለት ሙከራዎች ውስጥ ያሉት ናቸው።

ስማቸው ካሎሪሜትር ይሁን እንጂ እነዚህ በእውነት ሙቀት አይለኩም። ምክንያቱን በእኛው ጣሳ እናስላው። ሂግስ የሚባለው ቅንጣት ሲፈርስ ከሚወጡት ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች፣ ማለት ፎቶኖች፣ አንዱ የሚይዘው ጉልበት 0.0000000024 ካሎሪ ያህል ነው። በ200 ግራም ውኃችን ውስጥ ብንከተው ውኃው የሚሞቀው በአንድ ዲግሪ መቶ ቢሊዮንኛ ነው! ይህን የሚያነብ ቴርሞሜትር የለም። ስለዚህ ሊቃውንቱ በሙቀቱ ፈንታ በመንገድ ላይ የሚፈጠረውን ብርሃንና የኤሌክትሪክ ምልክት ይቈጥራሉ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ፎቶኑ ከባድ ነገር፣ ለምሳሌ እርሳስ ያለበትን፣ ሲመታ ወደ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ፖዚትሮን ይለወጣል። እነዚህም ሲሮጡ አዳዲስ ፎቶኖችን ያወጣሉ፤ ፎቶኖቹም መልሰው ይከፈላሉ። ስለዚህ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ ይባዛል፤ አሥር ጊዜ ሲከፈል ከሺህ ያልፋል። ይህም የቅንጣት ዶፍ ሊባል ይችላል። ሆኖም አዲስ ጉልበት አልተፈጠረም። አንድ ድፎ ዳቦ ለብዙ ልጆች ሲቈረስ ቍራሹ ይበዛል እንጂ ዳቦው አይጨምርም። እንግዲህ ቍራሾቹን ሁሉ የሰበሰበ፣ የዳቦውን ትልቅነት ያውቃል።

ሲኤምኤስ ለዚህ የሚጠቀመው ከእርሳስና ከተንግስተን የተሠራ፣ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከብረት ግን የሚከብድ ክሪስታል ነው። ቍጥሩ 75,848 ሲሆን፣ በመካከለኛው ክፍል ያለው እያንዳንዱ 23 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ዶፉ በውስጡ ሲወርድ ክሪስታሉ ብልጭ ይላል፤ የብልጭታው ብዛት የጉልበቱ ልክ ነው።

አትላስ ግን ሌላ መንገድ መርጧል። የእርሳስ ንጣፎችን አጣጥፎ በመካከላቸው ከዜሮ በታች 185 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ አርጎን ሞላበት። እርሳሱ ዶፉን ይፈጥራል፤ አርጎኑ ከዶፉ ጥቂቱን ብቻ ያነባል፤ ከጥቂቱም ጠቅላላው ይሰላል። ይህ የቡሬን ነጋዴ ያስታውሰኛል። ነጋዴው በቆሎ ሲገዛ ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፍም፤ ውስጡ ባዶ በሆነ ሹል ብረት ወግቶ ጥቂት ፍሬ አውጥቶ ያያል። አንዴ ብቻ ቢወጋ ሊሳሳት ይችላል፤ ደጋግሞ ቢወጋ ግን ግምቱ ይጠራል።

ሠ. የመሣሪያው ብቃት እንዴት ይታወቃል?

ከዚህ የነጋዴ ምሳሌ አንድ ትልቅ ሕግ እንማራለን። የቅንጣቱ ጉልበት በበዛ ቍጥር ዶፉ ይበዛል፤ የሚቈጠረው ሲበዛም ስሕተቱ በመቶኛ ሲታይ ያንሳል። የአትላስ የአርጎን ካሎሪሜትር የስሕተት ሕግ፣ 10 በመቶን ለጉልበቱ ካሬ ሥር ማካፈል ነው፤ ጉልበቱም የሚለካው ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት በሚባል መስፈርት ነው። ስለዚህ ጉልበቱ 25 ሲሆን ስሕተቱ 2 በመቶ፣ 100 ሲሆን ግን 1 በመቶ ይሆናል። እንደ ፕሮቶን ላሉት ቅንጣቶች የሚያገለግለው የውጭው ካሎሪሜትር ግን የዶፉ አወራረድ የተዘበራረቀ ስለሆነ፣ ስሕተቱ አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ለቴርሞሜትራችን ግማሽ ዲግሪ የነበረው ጕድለት ለእነርሱም በዚህ መልክ አለባቸው ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መለኪያውን ራሱን መመርመር ነው። የሲኤምኤስ ክሪስታል መጠነ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ከፍ ቢል የብርሃኑ መጠን በ2 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 18 ዲግሪ ላይ፣ ከ0.05 ዲግሪ በላይ ሳይዛነፍ ተጠብቆ ኖሯል። ደግሞም ጨረር ሲበዛበት ክሪስታሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ይህንን ለማወቅ በየ40 ደቂቃው ግድም የሌዘር ብርሃን በእያንዳንዱ ክሪስታል ውስጥ እየላኩ ምን ያህሉ እንዳለፈ ያያሉ። ከዚህም ሌላ ዜድ የሚባለው ቅንጣት ክብደቱ 91.2 መሆኑ አስቀድሞ በጥንቃቄ የታወቀ ስለሆነ፣ እርሱ ሲፈርስ የወጡትን ኤሌክትሮኖች ለክተው ቍጥሩ 91.2 መምጣቱን ያረጋግጣሉ። ባዶውን ሚዛን ማየት የተባለው ይኸው ነው። አባቴ ስለ ሰርን ሰምቶ አያውቅም፤ የነገረኝ ምክር ግን የእነርሱ ምክር ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ይጠቅማል? ሂግስ ወደ ሁለት ፎቶን የሚፈርሰው ከ1,000 ጊዜ ሁለቴ ያህል ብቻ ነው። ሌሎች ብዙ ግጭቶችም ሁለት ፎቶን ያወጣሉ። ካሎሪሜትሩ ደካማ ቢሆን ኖሮ ሂግስ በእነዚያ መካከል ተበትኖ በቀረ ነበር። መሣሪያው የጠራ ስለሆነ ግን በ125 ቍጥር አጠገብ አንዲት ጉብታ ታየች። አትላስና ሲኤምኤስም ሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. አዲሱን ቅንጣት ማግኘታቸውን ለዓለም አስታወቁ። በማግሥቱ ዓመት እ.ኤ.አ. በ2013 ሂግስና ኢንግሌርት የተባሉት ሊቃውንት ቅንጣቱን አስቀድመው በሐሳብ ስለ ደረሱበት የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ረ. መሣሪያዎቹ ለምን ይታደሳሉ?

ማጋጫው እ.ኤ.አ. በ2030 ገደማ በታደሰ አቋም ሥራ እንዲጀምር ታቅዷል። በዚያን ጊዜ ፕሮቶኖቹ በተሻገሩ ቍጥር፣ ይኸውም በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ፣ በአንድ ላይ ከ140 እስከ 200 ግጭት ይፈጠራል። ይህ ማለት በቡሬ ገበያ ቀን 200 ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲጮኹ የአንዱን ድምፅ ለይቶ እንደ መስማት ነው። ጨረሩም ያሉትን መሣሪያዎች ይጎዳል። ስለዚህ ሦስት ዓይነት ማሻሻያ ተይዟል።

አንደኛ፣ በሲኤምኤስ ሁለት ጫፎች ያሉት ካሎሪሜትሮች ተነሥተው በሲልከን የተሠሩ አዳዲሶች ይተካሉ። እነዚህም ስድስት ሚሊዮን ያህል የመለኪያ ነጥቦች ያሏቸው ሲሆን፣ ጨረሩን እንዲቋቋሙ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዘው ይሠራሉ። ዶፉ በየንጣፉ እንዴት እንደወረደም ያሳያሉ።

ሁለተኛ፣ በመካከል ያሉት 61,200 ክሪስታሎች በቦታቸው ይቆያሉ፤ የኤሌክትሮኒክ ዕቃቸው ግን ይለወጣል፤ መጠነ ሙቀታቸውም ከ18 ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል። አዲሱ ዕቃ የታቀደው ከሰከንድ ትሪሊዮንኛ 30ዎቹን ያህል ጊዜ እንዲለይ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብርሃን እንኳ የሚጓዘው 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በቦታ የተደራረቡትን ግጭቶች በጊዜ ለመለየት የታሰበ ዘዴ ነው።

ሦስተኛ፣ በአትላስ ዘንድ አርጎኑና እርሳሱ እንዳሉ ሆነው የማንበቢያው ኤሌክትሮኒክስ ይታደሳል። ብረትና ፕላስቲክ በሆነው የውጭው ካሎሪሜትር ሥራ ላይ የደቡብ አፍሪካው ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ድርሻ አለው፤ ለማሻሻያውም የኤሌክትሪክ አቅርቦት ክፍሎችን ያዘጋጃል። የሞሮኮ ዩኒቨርሲቲዎች በአትላስ፣ የግብፅ ሊቃውንትም በሲኤምኤስ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ የአፍሪካ ተማሪዎች የፊዚክስ ትምህርት ጉባኤም አለ። አገራችን የሰርን አባል አይደለችም፤ ሆኖም ይህ ዕውቀት ለአፍሪካ ልጅ የተዘጋ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሰ. መደምደሚያ

ውድ አንባብያን፣ ምናልባት «ማዳበሪያና መንገድ በቸገረን አገር የሂግስ ነገር ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄአለሁ። መልሴ ይህ ነው። ነገ ከእኛ አንዱ የመድኃኒት መጠን ይለካል፤ አንዱ የመሬት ስፋት፣ አንዱ የገበሬ እህል ይመዝናል። ያየውን 94 ትቶ መጽሐፍ ያለውን ወይም አለቃ የወደደውን 100 የሚጽፍ ከሆነ፣ በሽተኛው ይጎዳል፤ ገበሬውም ይበደላል። ታላላቆቹ ካሎሪሜትሮች የሚያስተምሩን መጀመሪያ ይህንን ነው፤ ያዩትን መጻፍ፣ የጠፋውን መፈለግ፣ ስሕተትን አለመደበቅ።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መጨረሻ አብራኝ የሠራችውን ጓደኛዬን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያነበበችው ትክክል ነበር። በደብተራችን ላይ 100 የሚለውን ሰርዤ 94 ብዬ ጽፌአለሁ፤ የተሰረዘውም እንዲታይ አልፋቅሁትም። የማረሻውን ቁራጭ ለአባቴ ልመልስለት ብል ግን፣ «አንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ ለእኔ ከማረስ ወጥቷል፤ ለአንተ ግን ገና ያርሳል» ብሎኛል።

ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

1. ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን ውኃ ብናፈላ ቴርሞሜትሩ ከ94 በላይ ያነባል ወይስ በታች? ለምን?

2. በቆርቆሮው ጣሳ ፈንታ እኩል በሚመዝን የሸክላ ዕቃ ብንሠራ ምን ይለወጣል? ሠርታችሁ አሳዩ።

3. የአርጎኑ ካሎሪሜትር ስሕተት በሕጉ መሠረት ግማሽ በመቶ እንዲሆን የቅንጣቱ ጉልበት ስንት መሆን አለበት?